«ጋሼ» ያስባለኝ ሲቪ

ሲቪዬ ሦስት ገጽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ፣ ከፈረቃ ኃላፊነት እስከ ምክትል ሥራ አስኪያጅነት። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሲዘጋ ቤቴ ተቀመጥኩ። ይኸው ዓመት አለፈኝ። ባለቤቴ ልብስ እየሰፋች ታበላኛለች። ሳህኑን ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ አላያትም። ይሄ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያሳንስ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ብስኩት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሳይ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለች ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ሲቪዬን አስተየብኩ። የምትተይበው ሴትዮ በዛ፣ ትንሽ ይጠር ብትለኝ አሻፈረኝ አልኩ። ማለቴ፣ የትኛውን ዓመቴን ነው የማወጣው? ሁሉንም ሠርቼበታለሁ፣ በቃ።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው የፋብሪካው ባለቤት ራሱ ነው። ሲቪዬን ገና በደንብ አላነበበውም መሰለኝ፣ «አንተ» እያለ አናገረኝና ነገ ጠዋት ካዛንቺስ ያለው ቢሮዬ ና አለኝ። ድሮ ቢሆን ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። ያን ቀን ግን ደስ አለኝ፤ አለቃ ሠራተኛውን እንደዚያ ነው የሚያናግረው።

ኮቴን አስተኩሼ በእግሬ ሄድኩ። የማውቃቸው ቤቶች ፈርሰው፣ መንገዱ ሰፍቶ፣ በወጣትነቴ ስመላለስበት በኖርኩት ሰፈር ሕንፃውን ሰው ጠይቄ አገኘሁት። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ገና ሲያየኝ ከወንበሩ ብድግ አለና ይቀመጡ ጋሼ አለኝ። የስልኩ «አንተ» እዚያው ላይ ቀረ።

ግን ጥያቄውን አልፈራሁትም። ማሽን ቢሰበር ምን እንደማደርግ፣ ፈረቃ እንዴት እንደምከፋፍል፣ ሁሉንም ሳልንተባተብ መለስኩለት። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሲሰማኝ ቆየና ሲቪዬን አጠፈው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለኝ። «ሥራውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን እርስዎን እንዴት ነው የማዝዝዎት? ቢያጠፉስ እንዴት ነው የምቆጣዎት? አባቴን ነው የሚመስሉኝ።»

ብዙ ማለት እችል ነበር። እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ ግን «ግድ የለህም፣ እዘዘኝ ልጄ» አልኩት።

ልጄ! ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የሰማሁት። ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። እሱ ፈገግ አለና ወረቀቶቼን ሰብስቦ ወደ እኔ ገፋ አደረጋቸው።

እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘኝ። ሊፍቱ እስኪመጣ አብሮኝ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ቢያመናጭቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ሰድቤው እወጣ ነበር። ደህና ተደርጎ ያደገ ልጅ ነው፣ ምን አባቴ ልበለው?

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሥራዋን አቁማ ትጠብቀኛለች። እንዴት ተቀበሉህ ስትለኝ፣ በጣም አከበሩኝ አልኳት። ፊቷ በራ። እሰይ፣ ታዲያ መቼ ጀምር አሉህ ብላ ኮቴን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስትደሰት አላየኋትም።

አይቀጥሩኝም አልኳት።

«ካከበሩህ ለምን አይቀጥሩህም?»

«ለዚያው ነው» አልኩና ኮቴን ሰጠኋት።