መረብ ሰብሳቢው ወንድሜ

ወንድሜ መርከበኛ ነው። ባሕር ከሌለው አገር ሄዶ ባሕር የሚጠብቅ ሰው ብርቅ ስለሆነ፣ ቢሮ ውስጥ ስለ እሱ ሳወራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። እኔ ግን አልተውም፤ እኮራበታለሁ። መርከባቸው የማንም አገር ባልሆነው ውቅያኖስ ላይ እየዞረ፣ የተከለከለ ተንሳፋፊ መረብ የሚጥሉ ጀልባዎችን ያሳድዳል። ያ መረብ ዓሣ፣ ኤሊ፣ ዶልፊን ሳይል ያገኘውን ሁሉ ይገድላል።

ባለፈው ዓመት ለእረፍት አያት ሰፈር ወዳለው ቤቴ ሲመጣ ግን "አልመለስም" አለኝ። አዲሱን ውል እስከ ሰኞ ፈርሞ መላክ ነበረበት።

እሁድ አባታችንን ልንጠይቅ እንጦጦ ወጣን። አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚያ ደን ጠባቂ ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ማርያም ደጅ ቁጭ ብለን ሳለ፣ አባባ መረቡ ምን ያህል እንደሚረዝም ጠየቁት።

"አንዱ ጫፍ እዚህ ቢታሰር ሌላው አያት ይደርሳል።"

አባባ ቁልቁል ከተማውን በዓይናቸው ለኩት።

ከዚያ ወንድሜ የሆዱን አወጣ። በመጨረሻ የያዟቸው አጥማጆች የጀልባውን ባለቤት አይተው የማያውቁ ምስኪኖች ነበሩ። አንዱ እግሩ ላይ ወድቆ ለምኖታል። "የድሃ እንጀራ ቀማኛ ሆንኩ፣ አባባ" አለ።

"ሰዎቹን ምን አደረጋችኋቸው?"

"አበላናቸው። የታመመውን አከምን። ወደ አገራቸው የሚገቡበትን መንገድ ፈለግንላቸው።"

"መረቡንስ?"

"ጎትተን ጨረስነው። ሦስት ቀን ፈጀብን። ብንተወው መግደሉን አያቆምም።"

አባባ እጁን ይዘው መዳፉን ገልብጠው አዩት። ገመድ የላጠው ጠባሳ ነበረበት። ሳምንት ሙሉ አብሬው በልቼ ጠባሳውን አላየሁትም ነበር፤ አፈርኩ።

"እኔም ዛፍ የሚቆርጡ ሴቶች እይዝ ነበር" አሉ። "መጥረቢያቸውን እወስዳለሁ። የለቀሙትን ቅጠል ግን ራሴ አሸክሜ እሸኛቸዋለሁ።"

"ታዲያ ይቅር አሉዎት?"

"አንዷ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ቅድም እንኳ አይታኝ ፊቷን አዞረች። አልፈርድባትም። ብቻ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቢኖር፣ ቅጠሉንም ይቀማት ነበር።"

ስንመለስ፣ ታክሲው ገና ሽሮ ሜዳ ሳይደርስ ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ውሉን በጣቱ ፈረመ።