«በረኛዋ» ያለው ተንታኛችን

ዛሬ ጋሼ ታሪኩ በቴሌቪዥን ቀርቦ «በረኛዋ መውጣት አልነበረባትም» አለ። በረኛው ደግሞ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሰውዬ ነው።

አቅራቢው ሳቀና «የሴቶች ጨዋታ ነው እንዴ የምናየው?» አለው።

ጋሼ ድሮ ለዲላ በክንፍ ይጫወት ነበር። ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ ዲኤስቲቪ ቤት ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ጎል ሳይገባ በየት በኩል እንደሚገባ ይነግረናል። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል። እኛ ስቀንበት እንኳ ደንግጦ አያውቅም።

አዲስ አበባ ያለ ጣቢያ ዛሬ ለሙከራ ጠራው፤ ከወደዱት በቋሚነት ሊቀጥሩት። ኮቱን ያዋስኩት እኔ ነኝ። (ከተንታኞቹ ሁሉ የተሻለው ኮቴ ነበር።)

ከዚያ ሳቅ በኋላ ጋሼ ዝም አለ። አንዴ ብቻ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ዲኤስቲቪ ቤት ያለው ሰው በሙሉ «ተናገር እንጂ ጋሼ!» አለ። ጎሉ በግራ በኩል ገባ።

ሲያልቅ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ የግራውን ክፍተት አይተኸው ነበር አይደል?»

«አይቻት ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«‹ተከላካዩ ተዘናጋ› ልበል ‹ተዘናጋች› ልበል ስል፣ ገባች።»

«ደግመው ይጠሩህ ይሆን?» ስለው «ኮትህን ነገ አመጣልሃለሁ» አለኝ።

እናንተም ሰፈር ውስጥ፣ የሚያውቀውን እንዳይናገር አንድ ሳቅ አፉን የዘጋው ሰው ካለ ጻፉልኝ። እኔ ዛሬ የምቀልድበት ጠፍቶኛል።