ግማሽ ሳሙና ይዤ ወጣሁ

ነገ ልሄድ ነው በተባለው ማታ፣ ሚስቴን ይመኙሻልን አንዲት የገላ ሳሙና ለሁለት ስትከፍል አገኘኋት። በቢላ እንዳይመስላችሁ፣ በክር ነው። የክሩን አንድ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላውን በጣቷ ጠምጥማ ሳብ ስታደርገው ሳሙናው እንደ እንቁላል ቅቅል ለሁለት ተከፈለ። አንዱን ግማሽ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እኔ ገፋችው፤ ሌላውን ከጣሳ ከትታ ክዳኑን ጥርቅም አደረገችው።

«አንቺ ሴት፣ የምሄደው ፈረንጅ አገር ነው። አንድ ሙሉ ሳሙና እንኳ አይገባኝም?»

«ሙሉ ሳሙና የያዘ መንገደኛ የሚቀር ሰው ነው» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። የይመኙሻል ታላቅ ወንድም በወጣትነቱ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ቆላ ሲወርድ እናቷ ሙሉ ሳሙና ሰጥታ ሸኘችው። ልጁ ወርዶ ቀረ። ሞተ የሚል መርዶ የለ፣ አለ የሚል ወሬ የለ። እናቷ እስክታርፍ ድረስ «እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ ምንም ሳልቀንስ ሰጥቼ መመለሻ አሳጣሁት» እንዳለች ነው። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ቤት ለመንገደኛ ግማሽ ነው የሚሰጠው። ሲያልቅበት ቤቱ ትዝ ይለዋል፣ ሌላው ግማሽ ጣሳ ውስጥ ይጠብቀዋል። እኔ በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ ከዳንግላ አልፌ ብዙ ስለማላድር ይህ ወግ አልደረሰብኝም ነበር። በስተርጅና ደረሰብኝ።

ልጄ ፈንታነሽ ከኖርዌይ ደውላ «አባዬ፣ ዕቃ እንዳያበዙ፤ የመታጠቢያ ምናምን እዚህ ሞልቷል፣ ቀለል ብለው ይምጡ» ብላኝ ነበር። ለእኔ ዓይነቱ ሰው መቅለል ምን ይከብደዋል? ሁሉም በአንዲት ቀርከሃ ገባ። አንድ ክንድ የማትሞላ የቀርከሃ ቁራጭ ነች፣ ራሴ አለስልሼ ክዳን ያበጀሁላት። አሥራ ሁለት የወይራ መፋቂያ ይመኙሻል ቆርጣ ሰደረችበት። ቪዛው የሦስት ወር ነው፣ ለሳምንት አንዲት ብላ ነው። አሥራ ሦስተኛዋን «ጨምሪበት» ብላት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፣ ተውኩት። መላጫ ከተትኩ፣ ግማሽ ሳሙናዬን ከተትኩ፣ ማበጠሪያም ከትቼ ነበር። እሷ መላጣዬን አየት አድርጋ አወጣችው።

«ለማን ነው የምታበጥረው?»

ለፈንታነሽ ጸጉር ብላ ለጋ ቅቤ በብልቃጥ ጨመረችልኝ። ያ ቅቤ ነው ያዋረደኝ።

ከአገሬ ከቆሰበር ባሕር ዳር በሚኒባስ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ያለ ችግር ደረስኩ። ወደ ውጭ አገር በምወጣበት በር ላይ ግን አንዲት ፈታሽ ልጅ ብልቃጡን አንስታ «አባቴ፣ ይኼ ፈሳሽ ነው፣ አያልፍም» አለችኝ።

«ልጄ፣ ቅቤ እኮ ነው። ገልብጪው እስቲ፣ ይፈሳል?»

«ይቀልጣል አባቴ።»

«እኔም ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆምኩ እቀልጣለሁ፣ እኔንም አስቀሪኛ!»

ሳቀች፣ ግን አልለቀቀችም። «ወይ ይጣላል፣ ወይ ለሸኚ ይሰጣል» አለች። ሸኚ የለኝም። የይመኙሻልን ቅቤ ደግሞ ቆሻሻ ላይ አልጥልም። እዚያው ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩና ጨልፌ ጨልፌ መላጣዬን ቀባሁት። ብልቃጡ ባዶ ሆነ። «አሁንስ ልለፍ?» አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ አሳለፈችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ቅቤው በአንገቴ ሲወርድ አደረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ፊቱን አዞረ፤ እንቅልፍ ወስዶት መስሎኝ ነበር።

ፈረንጅ አገር ስደርስ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ወደ ጎን ጠራኝና ቀርከሃዬን አስከፈተኝ። አስተርጓሚ በስልክ አገናኘልኝ፤ ድምፁ የአገራችን ሰው ነው።

«እንጨቶቹ ምንድን ናቸው ይሎታል።»

«የጥርስ ናቸው በለው።»

«ለሦስት ወር የያዙት ይህን ብቻ ነው ወይ ይሎታል።»

«ብቻ ነው።»

«በጊዜዎ እንደሚመለሱ በምን ያረጋግጣሉ ይሎታል።»

ፈንታነሽ የከብቱን፣ የመሬቱን፣ የጋብቻውን ወረቀት አስተርጉማ ልካልኝ ነበር፣ በደረት ኪሴ ነው ያለው። ግን እጄ ወደ ጨርቁ ሄደ። ግማሽ ሳሙናዬን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «ሌላው ግማሽ ቤት ነው ያለው» አልኩት። አስተርጓሚው ረዘም አድርጎ አስረዳልኝ፣ እኔ ካልኩት ይረዝማል። ሰውዬው ሳሙናውን አየ፣ እኔን አየ፣ የሚያብረቀርቀውን መላጣዬን አየ። ማኅተሙን መታልኝ። ምን ብሎ እንዳስረዳልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እግዜር ይስጠው።

የምኖርበት ከተማ በርገን ይባላል። ዝናብ አያቋርጥም ሲሉኝ «እኔ የቆሰበር ሰው ነኝ፣ በዝናብ አታስፈራሩኝ» ብዬ ነበር። የእኛ ዝናብ ግን ባሕርይ አለው፤ ይቆጣል፣ በረዶውን ይረጫል፣ መብረቁን ያወርዳል፣ ሲበቃው ደግሞ ፀሐይ አውጥቶ ይታረቃል። የዚህኛው ድምፅ የለውም። እንደ ተኮራረፈ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ያለ አንዳች ቃል ይወርዳል። ድንችም አለ፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ድንች ስተክል ለኖርኩት ለእኔ ዘመድ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ቀቅለው ከዓሣ ጋር ያቀርቡልሃል፣ ሚጥሚጣ አያውቅ፣ አዋዜ አያውቅ። ድንቹ ራሱ የተሰደደ ይመስላል።

በመንገድ ላይ ሰው ሰላም አይባልም። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁትን ሁሉ ባርኔጣዬን እያነሳሁ ጎንበስ እል ነበር። «አባዬ፣ ሰው እያስፈሩ ነው» አለችኝ ፈንታነሽ። በዚህ ዕድሜዬ የሚፈራኝ ሰው በማግኘቴ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ቤቱን ያከራያት ሽማግሌ ከታች ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ሞታበታለች። አንድ ቀን በራችንን አንኳኳና ከመዳፉ ላይ የእንጨት ስንጥር አሳያት። ፈንታነሽ ቀላች።

«አባዬ፣ አበባው ላይ የሚተፉት እርስዎ ኖት?»

«መፋቂያ ነው እንጂ ምራቅ አይደለም።»

«አበባዬ ውስጥ እንጨት ማን ተከለ እያለ ነው።»

«ወይራ ነው በይው። ከበቀለለት ለእሱ ጥላ ነው።»

ተረጎመችለት። ሽማግሌው ቅንጣት አልሳቀም። በማግስቱ ግን በራችን ላይ በላስቲክ የታሸገ የጥርስ ብሩሽና ጠርሙስ ሙሉ ፈሳሽ ሳሙና አስቀምጦልን ሄደ። ሳሙናን ሶፔ ይሉታል። «ታክ» አልኩት፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ከዚህ አገር ቋንቋ የማውቀው ይቺን ብቻ ነው። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስቱ ወር ሊያልቅ ሲል የአገር ቤቱ ወሬ ከፋ፤ ተኩስ አለ ተባለ። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል፤ ኔትወርኩ ጠፍቶ ይመኙሻልን የማላገኝባቸው ቀኖች በዙ። ፈንታነሽ በአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ስታጥብ ውላ ትመጣለች። አንድ ምሽት ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቴ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ወረቀት አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ እንዲቆዩ። ውሳኔው እስኪመጣ ይኖራሉ።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ የምትመጣ ቢሆን ከእርስዎ ጋር ትመጣ ነበር። ከብቶቼን ጥዬ አልሄድም ያለችው እሷ ናት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑብኝስ? የሰው አባት እያጠብኩ የራሴን ልቀብር?»

ፈረምኩ። ለይመኙሻል ግን አልነገርኳት። «ትኬት እየተፈለገ ነው» አልኳት። እንደገና «መንገዱ እየታየ ነው» አልኳት። አንድም ቃል ውሸት የለበትም፣ ሲደመር ግን ውሸት ነው።

ያን ሰሞን ሳሙናዬን አየሁት። አልቆ አልቆ የጣት ጥፍር ሊያክል ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ገና የትንሽ ጣት ውፍረት አለው። ያን ጊዜ ሰይጣን ሹክ አለኝ። ሳሙናው ካላለቀ ቃሌ አልፈረሰም ማለት ነው። ቪዛው ያለቀ ይለቅ፣ ከይመኙሻል ጋር የተዋዋልኩት በሳሙና ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሽማግሌው ሶፔ ታጠብኩ። የራሴን አደረቅኩና በጨርቁ ጠቅልዬ ቀርከሃዬ ውስጥ መለስኩት። መፋቂያዎቼም አልቀው ከአሥራ ሁለተኛዋ አውራ ጣት የምታህል ቀረች፤ እሷንም አስቀመጥኳት፣ ጥርሴን በብሩሹ አሸው ጀመር። ጥርሴ ስንት መሰላችሁ? ብሩሹ ከጥርሴ ይበዛል።

እንዲህ ሆኜ ከረምኩ። ቀን ቀን ፈንታነሽ ሥራ ናት። የልጅ ልጄ የምታወራው የዚህን አገር ቋንቋ ነው፤ እኔን ስታይ ትስቃለች፣ ያ ይበቃኛል። ፈንታነሽ በአማርኛ ታወራኛለች። በእናት ቋንቋዬ በአውኚ ግን የሚያናግረኝ የለም። ጠዋት ስላጭ መስታወቱ ውስጥ ላለው ሽማግሌ በአውኚ እንደምን አደርክ እለዋለሁ። ይመልስልኛል፣ ደግ ነው፤ ግን ወሬ የለውም፤ እኔ የማውቀውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ባለፈው እሑድ ኔትወርኩ ተመልሶ ይመኙሻል ተገኘች። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ነው፤ እኔ የወጣሁት በመስቀል ማግስት ነበር። ጎረቤቱን፣ ከብቱን፣ ድንቹን ተባባልን። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀችኝ።

«ሳሙናው አለ?»

«አለ አለ! ገና ነው!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ። ለመስቀል የሄደ ግማሽ ሳሙና ፋሲካን አልፎ ገና ነው?»

«ቆጥቤ ነው።»

«ፊትህን አትታጠብም?»

«እታጠባለሁ እንጂ… በሌላ ነው። እዚህ የሚፈስ ሳሙና አለ፣ አከራዩ ነው የሰጠኝ። የአንቺንማ ጠብቄው ነው፣ ይመኙ። እንዳያልቅብኝ።»

እስካሁን በአማርኛ ነበር የምናወራው፤ ቁም ነገር ሲሆን ወደ አውኚ ትዞራለች። ዞረች። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም አላደረገችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ካላለቀ ምን ይመልስሃል?» አለችኝ። «እኔ እኮ የቆረጥኩልህ እንዲያልቅ ነው።»

የምቀልደው ነገር ፈለግሁ፣ አፌ ውስጥ አጣሁ። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ አላደረገኝም።

«ወረቀት ፈርሜአለሁ» አልኳት። «ልጅቷ ለምናኝ ነው። መንገዱ…»

«ፈንታነሽ ነግራኛለች፤ ከነገረችኝ ቆይቷል። አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት» አለችና፣ «በል ታጠብበት። እሰማለሁ» አለች።

ስልኩን እንደያዝኩ መታጠቢያው ቤት ገባሁ። ጨርቁን ፈታሁት። ሳሙናው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውኃውን ከፍቼ እጄ ላይ ሳሸው አረፋው ወዲያው ተነሣ፤ የቤታችን ሽታ መጣ። የሳሙናው አልነበረም መሰለኝ፣ የጨርቁ ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል። ፊቴን ታጠብኩ፣ መላጣዬን ታጠብኩ፣ አንገቴን ታጠብኩ። «እየሰማሽ ነው?» አልኳት። መልስ የለም፤ ኔትወርኩ ሄዷል። የትኛው ላይ እንደ ሄደ አላውቅም። የውኃውን ድምፅ ትስማ አትስማ አላውቅም።

ፈንታነሽ በሩን አንኳኳች። «አባዬ፣ ምን ሆኑ? ደህና ኖት?»

«ሳሙና ዓይኔ ገብቶ ነው» አልኳት። ደግነቱ፣ እውነትም ገብቶ ነበር።

ከእሑድ ወዲህ ጠዋትም ማታም በእሱ ነው የምታጠበው። ስልኩን በየቀኑ እሞክራለሁ፣ አይጠራም። ዛሬ ጠዋት ሳሙናውን ብርሃን ላይ ይዤ ባየው ሳስቶ ጣቴ ማዶ ታየኝ፤ አንድ ሳምንት ቢያቆየኝ ነው። የፈረምኩት ወረቀት ውሳኔ አልመጣም፣ መንገዱም አልተከፈተም። ሳሙናው ግን ሥራውን እየሠራ ነው።