የጋሽ ሲራጅ ቼክ

ባለፈው ሳምንት ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ደረቅ ቼክ በሚጽፉ ሰዎች ላይ ጠበቅ ያለ መመሪያ መውጣቱን በሬዲዮ ሰማሁ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «መመሪያ መቼ ጠፋ!» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤ አንድ የድሮ ቼክ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እዚያው ልደታ፣ አንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። ክረምት ነው። አብነት ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው ጋሽ ሲራጅ፣ ኮታቸው ላይ ሰጋቱራ እንደተጣበቀ፣ ቼክ ይዘው መጡ። አንድ ተቋራጭ የተማሪ ወንበር አሠርቷቸው የሰጣቸው ነው። ሒሳቡን ሳየው ባዶ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነበር። እንዲህ ያለ ቼክ ሲመጣ «በቂ ስንቅ የለውም» ብለን ማኅተም አድርገን እንመልሳለን፤ ቼኩን ያመጣው ሰው ያንን ይዞ ፖሊስ ጋ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጃችን ግን ጠጋ አሉና፣ «ተቋራጩ ትልቅ ደንበኛችን ነው። ሲስተም የለም በያቸው» አሉኝ።

አልኳቸው። በማግስቱም ሲመጡ ደገምኩት። «እሺ ልጄ» ብለው በዝናቡ ወጡ።

ምሳ ሰዓት ላይ እየተንተከተከ የመጣልኝ ሽሮ ሳልነካው በረደ። መቀመጥ አቃተኝ። ምን እንደምላቸው እንኳ ሳላውቅ ጭቃውን እየዘለልኩ አብነት ወረድኩ። መጋዙ ቆሟል። ጣውላ የለም። ጋሽ ሲራጅ ብቻቸውን ተቀምጠው አሮጌ ምስማር ያቃናሉ። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«ሲስተሙ መጣ እንዴ ልጄ?»

«ነገ ጠዋት ይምጡ፤ እጨርስልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ይህን ልትነግሪኝ በዝናብ? አላህ ይስጥሽ! ክፉ አይንካሽ!»

በማግስቱ ማንንም ሳልጠይቅ ማኅተሙን አድርጌ ቼኩን ሰጠኋቸው። ሥራ አስኪያጁ፣ «ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ሕጉ ያለውን ነው ያደረግሁት» አልኩ።

ተቋራጩ ፖሊስ ሲጠራው ጊዜ አልፈጀም፤ ከፈለ። እኔ ደግሞ በወሩ ማንም ወደማይፈልገው የሰነድ ክፍል ተዛወርኩ። ጋሽ ሲራጅ ይህን ሰምተው እዚያ ድረስ መጥተው እንደገና መረቁኝ።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም፤ እኔም ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ። መዛወሬ ቆጭቶኝ አያውቅም። ሁለቱን ቀን «ሲስተም የለም» ያልኳቸው ውሸት መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም። ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይጎረብጠኛል።