በገለባ ውስጥ የደበቅሁት ፊት

ዘንድሮ ወረታ ውስጥ ያችን ጥርሷን ያገጠጠች ጸጉራም አሻንጉሊት ቦርሳዋ ላይ ያላንጠለጠለች ወጣት ማግኘት ይቸግራል። የእኔ ሥራ የቁርስ ቤት ግድግዳና የባጃጅ ኋላ ላይ ሥዕል መሣል ነው፤ ነፍሴ ግን አሻንጉሊት ላይ ናት። በሩቅ አገር የራሳቸውን አሻንጉሊት እየፈጠሩ የሚሸጡ ሠዓሊዎችን በስልኬ ስከታተል እውላለሁ፤ የትኛው የአሻንጉሊት ዓይን የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ሳይነገረኝ እለያለሁ። ሆኖም በቀደም አንዲት ደንበኛዬ ያችን አሻንጉሊት ድንገት ፊቴ ላይ ብትደቅናት ደንግጬ ቀለሙን ደፋሁት። «ኧረ አትነክስሽም!» ብላ ሳቀችብኝ። ዓይነ አፋር ነኝና አብሬያት ሳቅሁ እንጂ ምን እንዳስታወሰችኝ አልነገርኋትም።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ ቁሐር ሚካኤል በምትባል የገጠር መንደር ነበር። የክረምቱ ውኃ ከሜዳው ሸሽቶ ሩዙ ሲታጨድ ቦዩ ዳር የሚቀረው ጥቁር ጭቃ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ሽታው አሁንም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ሌሎች ልጆች በሬና ላም ይሠሩበታል። እኔ የምሠራው ግን ለገበያ ወረታ ስንወርድ ባጃጅ ኋላ ላይ ያየሁትን፣ ዓይኑ ሳህን የሚያክል፣ ጆሮው እንደ ጥንቸል የቆመ የካርቱን ፊት ነበር። ከሰው ሁሉ እጅ ደግሞ የምወደው የጎረቤታችንን የሸክላ ሠሪዋን የእትዬ ዘውዴን እጅ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሲያበጁ አያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሂጂ ብለውኝ አያውቁም። ጭቃ ፀሐይ ላይ ከደረቀ እንደሚሰነጠቅ፣ በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

በዚያ ኅዳር እስከዚያ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጥ አንድ አሻንጉሊት ሠራሁ። ጥርሱ የሩዝ ፍሬ፣ ጸጉሩ የበሬ ጭራ ነበር፤ አንገቱ ላይም ከእናቴ ነጠላ ጥለት ቀይ ክር መዝዤ አሰርሁለት። የእኛን የገለባ ክምር ጥጆች ስለሚበታትኑት፣ በእሾህ በታጠረው በጎረቤታችን በአያ ደምሴ ክምር ውስጥ፣ ክንዴ እስኪሰምጥ ወሽቄ ደበቅሁት። ቀስ ብሎ ይደርቅልኛል ብዬ።

በሳምንቱ የአያ ደምሴ በሬ ሆዱ ተነፍቶ ተኛ። ከሥሩ የሚያነጥፉለት ገለባ ሊስቡ እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ሰደዱና አሻንጉሊቴን ይዘው እየጮኹ ወጡ። ሰው ተሰበሰበ። ጸጉር፣ ቀይ ክር፣ ጥርስ፤ መተት ነው ተባለ። «ጭቃ የምታበጅ ከዘውዴ ሌላ ማን አለች?» አለ አንዱ። እናቴ ክሩን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። እጄን ጨብጣ ወደ ቤት ጎተተችኝና «ትንፍሽ እንዳትይ!» አለችኝ።

አያ ደምሴ እሳት አንድደው አሻንጉሊቴን ወረወሩበት። በማግስቱ በሬው ተነሣ። ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ይህ ነበር፤ የተጠራጠረው ሰው ሁሉ አመነ። አሻንጉሊቱም አልፈነዳም፤ ቀልቶ፣ ጠንክሮ ከአመዱ ሲወጣ «እሳትም አይበላው!» እያሉ አማተቡ። በደንብ ስለደረቀ መሆኑን የምናውቀው እኔና እትዬ ዘውዴ ብቻ ነበርን። እሳቸው ለይፋግ ገበያ ያዘጋጇቸውን እንስራዎች ግን ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው አንድ ሳያስቀር ሰባበራቸው። ስብርባሪውን በአጥር ቀዳዳ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ መምህሩ ስሜን ሲጠሩ ሁሉን የደረሱብኝ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ይቀመጣል፤ ያየውንና የሰማውን በየተራ በመሐላ ይናገራል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ የሚነሣ የለም። ልጅ ግን አይጠየቅም። ዝም ብል ማንም አይደርስብኝም ነበር። እትዬ ዘውዴ ግን ከተፈረደባቸው ከመንደሩ መውጣታቸው ነው።

አውጫጭኙን የሚመሩት ሽማግሌ ያን የተቃጠለ ፊት በእንጨት አንሥተው «ዘውዴ፣ ይህ ያንቺ እጅ አይደለም?» አሉ።

«እኔ ብሠራው ጆሮው እንዲህ ይወላገዳል?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

አንዳንዱ ሳቀ። አያ ደምሴ «ጭራሽ ታሾፍብናለች!» ብለው ብድግ አሉ። ተራው እናቴ ጋ ሲደርስ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብላ ማለች። በእኔ የተነሣ በሐሰት ስትምል በጆሮዬ ሰማሁ።

ተነሣሁ። ዞሬ ወደ ቦዩ ሮጥሁ። «ምን ነካት ይቺ?» ይላል ሰው ከኋላዬ። ጭቃ በሁለት እጄ ዘግኜ ተመለስሁና መካከላቸው ተንበርክኬ መሥራት ጀመርሁ። ዓይኑን። አፉን። ጆሮውን። እንባዬ ጭቃው ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ብዬ ማንንም አላየሁም። ከበላዬ የእትዬ ዘውዴን ድምፅ ሰማሁ፦ «የጆሮውን ሥር አወፍሪው ልጄ፤ ለዚህ እኮ ነው የሚወላገድብሽ።»

ሽማግሌው ሁለቱን ፊቶች ጎን ለጎን አስቀመጡና «በሉ፣ ባለቤቱ ተገኘ» አሉ።

«ታዲያ በሬዬ ለምን ተነሣ?» አሉ አያ ደምሴ።

«ሆዱ ስለጎደለለት ነዋ!» አለች አንዲት ሴት፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

እትዬ ዘውዴን ያባረራቸው የለም፤ ለተሰበረው ሸክላ ይቅርታ የጠየቃቸውም የለም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። ያን ሁሉ ቀን ዝም ያልሁት እኔ ነኝና ዓይናቸውን ማየት ፈራሁ። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሐሙሲት ሄዱ።

ስምንተኛን ጨርሼ ትምህርቱን ተውሁና ወረታ ሥራ ገባሁ። ያን ጊዜ የደበቅሁትን የመሰሉ ፊቶች ዛሬ መስኮቴ ላይ ደርድሬያቸው አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያቸዋል፤ ፎቶ የሚያነሣቸውም አለ። ያን ጊዜ ጭቃው ሲለሰልስ ይሰማኝ የነበረው ንጹሕ ደስታ ግን ከእነሱ ጋር አልተመለሰልኝም። አሁን አንድ አሻንጉሊት ሠርቼ ከማድረቄ በፊት እገለብጠውና እግሩ ሥር በሚስማር ሙሉ ስሜን እጽፋለሁ። ጓደኞቼ «እንደ ትልልቆቹ ሠዓሊዎች መፈረም ጀመርሽ!» እያሉ ያበሽቁኛል። እኔ ግን ማን ሠራው ሲባል ሌላ ሰው እንዳይጠየቅ ብዬ ነው።