ቶማ የመረጠው ካዝና

ቶማን የማያውቅ ሰው ሶዶ ውስጥ ይኖር ይሆናል፤ ተበላ ከተማ ላይ ግን የለም። የሐጂ ጀማለዲን ነጭ ፒክአፕ የሁምቦን አቧራ እያስነሣ ብቅ ሲል «ሐጂ መጡ» የሚል የለም፤ «ቶማ መጣ!» ነው የሚባለው። ሐጂ ሶዶ ገበያ ዳር ጅምላ ሱቅ አላቸው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይትና ጨው ለገጠር ባለሱቆች ያከፋፍላሉ። ቶማ ሾፌራቸው ነው። ዕቃውን ያደርሳል፣ የሽያጩን ገንዘብ ይቀበላል፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ይሸጉጠዋል፣ ሲመለስ ለሐጂ ያስረክባል። ፊርማ የለ፣ ደረሰኝ የለ። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፤ አደራን «አማና» ነው የሚሉት፤ «አማና ወረቀት አይፈልግም» ይሉ ነበር። ይሉ ነበር ነው የምለው።

ከዚያ ወንበር ሥር የሚቀመጠው የሐጂ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ኦቶና ሆስፒታል ለተኛ ዘመድ የሚላክ ቅያሪ ልብስ፣ ወርቅ ቤት ተበይዶ የሚመለስ ጉትቻ፣ ሶዶ ለምትማር ልጅ የቤት ኪራይ፣ ሁሉም «ቶማ ያድርስልኝ» ነው። ለዚህ አምስት ሳንቲም አይቀበልም። አንዴ «ትንሽ ትንሽ ብታስከፍላቸው ምን አለበት?» ስለው ተቆጣኝ። «ካስከፈልኩ ሥራ ሆነ። ይሄ እኮ ስሜ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከአንድ በሬና ከደሳሳ ቆርቆሮ ቤቱ ሌላ ያለው ሀብት ስሙ ነበር።

እኔ ዘመነች እባላለሁ። ባሌ ሀብተየስ በያጅ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ወርክሾፕ ወርሶ ይሠራል፤ እኔ እዚያው በር ላይ ቡሎንና ላሜራ እሸጣለሁ። ቶማና ሀብተየስ ጓደኛሞች ብቻ አይደሉም። ቶማ ዓመለወርቅን ሲያገባ ሚዜው ሀብተየስ ነበር። ሚዜ ደግሞ ለሠርጉ ቀን ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስት ሲጋጩ የሚጠራው፣ ቃሉ የሚደመጠው እሱ ነው።

ባለፈው በጋ አንድ ነጋዴ መንገድ ላይ ተዘረፈ ተባለ። ሐጂ ቶማን ጠሩትና «ልጄ፣ ፒክአፑ ወለል ላይ የሚቆለፍ ካዝና እናስገጥም። መኪናውን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተ ምረጥ» አሉት። ቶማ ወንድ ልጅ የተወለደለት መስሎ እኛ ጋ መጣ።

መጀመሪያ ከባሌ ጋር ሆነው ከውጭ የመጣውን ባለ ቁጥር ካዝና ሊያዩ ሄዱ። ሻጩ በጣቱ ቁጥር እየነካካ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ቶማ ራሱን ነቀነቀ። «የሁምቦ መንገድ ይሄን በሳምንት ያሳብደዋል። ባትሪው ሲሞትስ? ተበላ መሃል፣ በዚያ ፀሐይ፣ የማንን ስም ልጥራ?» ደግሞም ሁለት ሰው አንሥቶ ይዞት ሊሮጥ ይችላል አለ። ስለዚህ ከወፍራም ላሜራ እኛው ወርክሾፕ እንዲሠራ፣ በደህና ቁልፍ እንዲቆለፍ ተስማሙ።

ቀጥሎ «የት ይገጠም?» መጣ። ሀብተየስ ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ ይሁን አለ። ቶማ ሊሰማው አልፈለገም። «ጨው ተጭኖበት? ጨው ብረት ይበላል። ደግሞ ካዝና ለመክፈት ስኳሩን ሁሉ ላውርድ?» ከሾፌሩ ኋላ፣ ጋቢናው ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ሥር እንዲሆን አዘዘ። ንጣፉን ራሱ ገለጠው። ጠመኔ ይዞ መኪናው ሥር ተጋደመና የፍሬን ቱቦው የሚያልፍበትን፣ የነዳጁ መስመር የሚሄድበትን እያሰመረ፣ «እዚህ ጋ ከበሳህ እኔን ገደል ትከተኛለህ፣ እሻው» ይላል። እሻው በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው። የቡሎኖቹ ራስ ካዝናው ውስጥ እንዲሆን፣ ከታች ደግሞ የሚያስሯቸው ዳዶዎች እንዲበየዱ ያስገደደውም እሱ ነው፤ ሳይከፈት ማንም እንዳይፈታው። ሁለቱ እንደ ሕፃን ሲጨቃጨቁ እኔ በሳቅ ፈረስኩ።

በማግስቱ ሐጂ ባሌ ጋ ደወሉ። ስልክ ሲያወራ ሰፈሩን የሚያደነቁረው ሀብተየስ ያን ቀን ወደ ውጭ ወጣና በሹክሹክታ አወራ። ሲመለስ ግራይንደሩን አንሥቶ የካዝናውን ክዳን በቀጭኑ ቀደደው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሙዳየ ምጽዋት አስመሰልከው እኮ!» አልኩት።

«ሐጂ ናቸው ያዘዙት፤ ለችኮላ ነው። ገበያ መሃል ካዝና መክፈት ጥሩ አይደለም፤ ገንዘቡን በዚህ ይጥላል» አለ፣ ዓይኑን ከብረቱ ሳይነቅል።

አመንኩት። ባሌ ነው፤ ለምን አላምነውም? ቶማማ ከእኔ ብሶ ወደደው። «ሐጂ ጭንቅላት አላቸው!» እያለ የባሌን ጀርባ መታ መታ አደረገ። ሀብተየስ ዝም አለ። ሥራው ሲመሰገን ዝም የሚል ሰው እኮ አይደለም።

እሑድ ቶማ ጸሎት ቤት ለምስክርነት ቆመ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እነሱ ዘንድ ግን አንድ ሰው በጎ ነገር ሲያገኝ በጉባኤ ፊት ቆሞ ማመስገን ወግ ነው። ለልጅ ያመሰግናሉ፣ ለዝናብ ያመሰግናሉ። የእኛ ቶማ ለካዝና አመሰገነ። «ጌታ ለአደራዬ ቤት ሠራልኝ። አሠሪዬ አምነውኝ ካዝና አስገጠሙልኝ፤ ከእንግዲህ የላካችሁት ሁሉ በብረት ውስጥ ተቆልፎ ይሄዳል» አለ። ዓመለወርቅ እንደነገረችኝ ሕዝቡ እልል ብሏል። ወሬውም ከእሱ ቀድሞ ተበላ ገባ።

የርክክቡ ቀን ሐጂ ከወንድማቸው ልጅ ከጃዕፈር ጋር መጡ። ጃዕፈር ተበላ ያለውን ሱቃቸውን የሚያስተዳድር ነው። ሐጂ ካዝናውን ከፍተው ዘጉ፤ ቁልፉ ሲዞር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ማሻ አላህ» አሉና አንዱን ቁልፍ ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ሌላውን ለጃዕፈር ሰጡት። ቶማ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«የእኔስ፣ ሐጂ?»

«ሁለት ነው የተሠራው፣ ልጄ።»

ቶማ ሳቀ። «ሐጂ ዛሬ ቀልድ አምሮዎታል!»

ሐጂ አልሳቁም። «ገንዘቡን በቀዳዳው ትከተዋለህ። ተበላ ላይ ጃዕፈር ይከፍታል፣ እዚህ እኔ እከፍታለሁ። አንተን ለማቅለል ብዬ ነው። አማና ከባድ ሸክም ነው።»

«ከበደኝ ብያለሁ?»

«አላልክም።»

«የጠፋ ነገር አለ?»

«ወላሂ፣ ምንም አልጠፋም።»

«ታዲያ?»

«ዘመኑ ነው፣ ልጄ። ዘመኑ።»

የቶማ እጅ እስከዚያ እንደተዘረጋ ነበር። ራሱ አየውና ሰበሰበው። ባሌ አጎንብሶ የወደቀ ቡሎን ይፈልጋል። የወደቀ ቡሎን አልነበረም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን እኔም ቅቤ ልገዛ ብዬ አብሬው ተበላ ወረድኩ። ገና ሞተሩን ሳያጠፋ ንግሥቲ የምትባል ቅቤ ነጋዴ የወርቅ ሐብሏን በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ተበጥሶባት ሶዶ ሊያስበይድላት ነው። «እሻ ቶማ፣ ያንን ብረት ቤትህን ክፈትና አስገባልኝ» አለችው እየሳቀች።

«ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም። እንደ ድሮው ከወንበሬ ሥር ላድርግልሽ።»

«ማን ጋ ነው?»

«ሐጂ ጋና ጃዕፈር ጋ።»

ንግሥቲ ሳቋን አቆመች። ቶማን አየችው፤ ካዝናውን አየችው። ከዚያ የቋጠረችውን ጨርቅ መቀነቷ ውስጥ መልሳ ከተተች። «እንግዲያው ሌላ ጊዜ» አለች፣ በትሕትና። ከኋላዋ ተሰልፈው የነበሩትም አንድ በአንድ ሸሹ። ጃዕፈር መጥቶ «እስቲ ወረድ በል፣ ቶማ» አለውና ሕዝብ እያየ ካዝናውን ከፈተ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆመ አንድ ሰውዬ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር!» አለ። በወላይትኛ ሲያወራ የቆየ ሰው ይህችን በአማርኛ አላት፤ እንግዳዋም እንድሰማለት ነው። ሳቁ።

ስንመለስ ቶማ «እኔ እኮ ነኝ የመረጥኩት፣ ዘመነች። ላሜራው ወፍራም ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አልኩት። ሐጂን ረገምኳቸው፤ በሆዴ ሳይሆን በአፌ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየባሰ ሄደ። የቶማ ወንበር ሥር ባዶ ሆነ። ምንም ካልሰረቀ ለምን ይቆለፍበታል? ሰው እንደዚህ ነው ያሰበው። እልል ያሉለት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ መጡና «ልንጸልይልህ ነው፤ የምትናዘዘው ነገር ካለ ጌታ መሐሪ ነው» አሉት። ምንም የለኝም ሲላቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ልቡን አደነደነ ብለው አዝነው ወጡ።

አንድ ከሰዓት ቶማ ወርክሾፑ ገባ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «ሚዜዬን ልወስድ መጣሁ» አለ። ሀብተየስ ብየዳውን አቁሞ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረገ።

«ዓመለወርቅ ትናንት ልጆቹን አስወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች» አለ ቶማ። «"አልፈርድብህም፣ ባሌ ነህ። ምን ያህል እንደወሰድክ ብቻ ንገረኝ። በሬውን ሸጠን እንመልሳለን" አለችኝ። ጦሲ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ምንም አልነካሁም አልኳት። "እንግዲያው ሚዜህ መጥቶ ይማልልኝ፤ ሀብተየስ አይዋሽም" አለች። ተነሥ፣ እሻው፣ እንሂድ።»

ባሌ አልተነሣም። መሬት መሬት እያየ «ሐጂ ቀድመው ነግረውኝ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ቁልፉ ሁለት እንዲሆን። ላንተ እንዳይሰጥ። እንዳልነግርህ ለመኑኝ።»

«መቼ?»

«ክዳኑን የቀደድኩ ዕለት።»

«ለችኮላ ነው አላልከኝም?» ብዬ ፊቴ የነበረውን የዳዶ ሣጥን ወለሉ ላይ ደፋሁት። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የባሌ ዝምታ ግን ሰው ሸጠ፤ እኔንም አታለለኝ።

«ጸሎት ቤት ልቆም ስሄድ ታውቅ ነበር?» አለ ቶማ።

«አውቅ ነበር።»

«አንተም ጠርጥረኸኛል?»

«በማርያም! አልጠረጠርኩህም። ሐጂ ደንበኛዬ ናቸው... ብነግርህ ትጣላላችሁ ብዬ ነው።» ሀብተየስ ተነሥቶ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። «ና፣ እንሂድ። ሁሉንም እነግራታለሁ።»

ቶማ በእጁ አስቆመው። «ምን ብለህ? ቀድሜ አውቄ ደበቅሁት ብለህ? ሚዜው እንኳ ተማክሮ ከቆለፈበት የሆነ ነገር አለ ነው የምትለው። ባትመጣ ይሻለኛል።»

«ታዲያ ምን ልትላት ነው?» አልኩት እኔ።

«ወስጃለሁ እላታለሁ።»

«አብደሃል? ያልወሰድከውን?»

«የተናዘዘ ሌባ ጸሎት ቤትም፣ ቤቱም ቦታ አለው። እኔ ግን የለኝም» አለና ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ፤ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

በሬውን በሚቀጥለው ገበያ ሸጠው። ዓመለወርቅ እያየችው ገንዘቡን በካዝናው ቀዳዳ ጣለው። እሷ ራሷ ነገረችኝ፤ እያለቀሰች፣ ግን ቀለል ብሏት ነበር። ንጹሕ ነው ብዬ ብምልላትም አላመነችኝም፤ እኔ የወዳጅነቴን የምናገር መሰላት።

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ወርክሾፕ መጡ። ፊታቸው በርቷል። «አልሐምዱሊላህ፣ ሀብተየስ! ልቤ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ካዝናው ውስጥ ያልጠበቅሁት ገንዘብ ተገኘ። ሰውዬው ራሱ መለሰ። እኔ እንኳ መጥፋቱን አላወቅሁም ነበር። ለሌሎቹ ሁለት መኪኖቼም እንደዚያው አድርገህ ትሠራልኛለህ።»

«ሐጂ፣ እሱ የቶማ በሬ ዋጋ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ምንም አልወሰደም! ሚስቱ እንድታምነው ብሎ ነው!»

ሐጂ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሩ። «እውነት ነው፣ ሀብተየስ?»

ባሌ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ።

«እኔ እንጃ፣ ሐጂ» አለ። «እኔ አላየሁም።»