አንድም የማይመለስበት ረድፍ

የሰው ሸክም ይዤ ዳገቱን ወጣሁት፣
የራሴን ግን... እምም... እምም... ጣልኩት።

በመሃል ያለችውን ቃል አታውቃትም። ዘፈኑን ከማን እንደሰማችው ጠፍቶባታል፤ ዜማው ብቻ ቀርቶ ከስፌት መኪናው ድምፅ ጋር አብሯት ይኖራል። ጠዋት ሥራ ስትጀምር ታንጎራጉረዋለች፤ «እምም» የምትለው ቦታ ስትደርስ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።

የሥራ ባልደረቦቿ እጀ ወርቅ ይሏታል። የምትሠራበት ቤት ለሐኪሞችና ለነርሶች ነጭ ጋውን የሚሰፋበት ረጅም አዳራሽ ነው። መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ከመንገዱ የሚታየው የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ጃንጥላ። በሁለት ረድፍ አሥራ ስድስት መኪና ተደርድሯል። እጀ ወርቅ ከነዚህ በአንደኛው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሰፋች። ከዓመት ከሁለት ወር በፊት ግን የበሩ ወገን ረድፍ ኃላፊ ሆነች። ሥራ አስኪያጁ «እጅሽን አይቼ ነው» አሏት። እሷም አመነቻቸው፤ ኃላፊነት ማለት እጅ ማለት መሰላት።

ከዚያ ወዲህ የምሳ ደወል ሲደወል «እናንተ ቅደሙ፣ ትንሽ የምጨርሳት ነገር አለችኝ» ትላለች። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ያለቀውን ሥራ ከየቅርጫቱ ታወጣለች። የተጣመመውን ትፈታለች፤ መልሳ ትሰፋለች፤ አጣጥፋ ወደነበረበት ትመልሳለች። ሲመጡ ምንም እንዳልነካች ሰው ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ምሳዋን ማታ ቤቷ ወስዳ ትደፋዋለች፤ ወይም በመንገድ ላይ ቆማ ሁለት ጉርሻ ትጎርሳለች።

ለምን እንዲህ ታደርጋለች ቢባል መልስ ነበራት። ጀማሪ ሳለች አንድ ኃላፊ የሰፋችውን ሸሚዝ ከፍ አድርጎ ለአዳራሹ ሁሉ እያሳየ «ይሄን የሚለብስ ሁለት አንገት ያለው ሰው አለ?» ብሎ አስቆባታል። ሳቁ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም። «እኔ ሰው ፊት ሰው አላዋርድም» ብላ ለራሷ ማለች።

መሐላው ግን ቤቷም ድረስ ተከትሏታል። ባሏ ሳህን ሲያጥብ አመስግናው፣ ፊቱን ሲያዞር መልሳ ታጥበው ነበር። አንድ ቀን ከበሩ ኋላ ቆሞ ሰማት።

«የታጠበ ሳህን ምን አድርጎሽ ነው እንደገና የምትቀጪው?» አላት።

«ኧረ እኔ እኮ... ትንሽ ቅባት ቢጤ...»

«በቃ። ሁለት ጊዜ ከሚታጠብ አንቺው አንድ ጊዜ እጠቢው» ብሎ ጋዜጣውን አነሳ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳህን ነክቶ አያውቅም። እሷ ስንፍና ነው አለች።

ባለፈው ሳምንት ጥርሷ አበጠ። ጉንጯ ኳስ አክሎ ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ስትመለስ በሩ ላይ ስድሳ ሁለት ጋውን በማዳበሪያ ታጭቆ ቆሟል፤ ሥራ አስኪያጁም አጠገቡ ቆመዋል።

«ተመለሰ» አሏት። «ሐኪም ቤቶቹ ‹ካንተ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም› ብለው መለሱልኝ። እይው!»

አየችው። የኮሌታው አንዱ ጫፍ ረዝሟል፣ ሌላው አጥሯል። ከፊርማዋ በላይ ታውቀዋለች፤ በየምሳ ሰዓቱ የምትፈታው ስፌት ነው።

«ኮሌታ ሰፊዋ አንቺ ስትኖሪ ቀጥ ብላ ትሠራለች፤ አንቺ ስትጠፊ ታላግጣለች። ከምሳ በፊት አሰናብቻት። አንቺው ንገሪያት፣ ያንቺ ሰው ናት» ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ኮሌታ ሰፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ከበሩ ያለውን ማዳበሪያ አይታ ኖሮ እጀ ወርቅን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እትዬ፣ ምን ጉድ ነው? በልጆቼ ሞት፣ እንደ ሁልጊዜው ነው የሰፋሁት! እስቲ አንድ ቀን ተመልሶብኝ ያውቃል?»

እጀ ወርቅ «ቆይ፣ መጣሁ» ብላ ወደ አዳራሹ ጥግ ሄደች። እዚያ ቁልፍ የሚተክሉት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እማማ ይሏቸዋል። ከተኙበት ቢቀሰቅሷቸው እንኳ የማን ስፌት እንደሆነ በጣታቸው ዳብሰው የሚናገሩ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ አሰናብቻት አሉኝ።»

«ሰማሁ።»

«እሷ እኮ አላላገጠችም።»

«እንዴት ታላግጥ? ድሮም እንዲሁ ናት» አሉ መርፌያቸውን ሳያቆሙ። «እኔ ሁለት ዓይነት ኮሌታ ነው የማየው። ከምሳ በፊት በቅርጫቷ ያለው የእሷ፣ ከምሳ በኋላ ለእኔ የሚመጣው ያንቺ።»

የእጀ ወርቅ ፊት እሳት መሰለ። «ካወቁ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለእሷ ለምን አልነገርሽም?» አሉና ክራቸውን ቆረጡ። «እኔ እንኳ አሮጊት ነኝ፤ ዝም ማለት ያምርብኛል።»

ከእማማ ወንበር እስከ ቢሮው በር ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። ስትሄድ ብዙ ነገር መጣባት። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ረድፏ አንድም የማይመለስበት ረድፍ እንደተባለ ይኖራል። ደግሞም ያን መባል ትወደው ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለሌሎቹ ብላ የምታደርገው ነበር የሚመስላት፤ አሁን ግን ከፊሉ ለራሷ እንደነበር አየችው። አየችውና አፈረች። አፍራም በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የምሳውን ሰዓት፣ መፍታቱን፣ መልሶ መስፋቱን።

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ከሁለት ወር።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እኔ ሰባት ሰፊና አንድ ኃላፊ አሉኝ ብዬ ነበር። ለካ ያለኝ ስምንት ሰፊ ነው!»

«አዎ» አለች።

«ትቆይ እሺ። አንድ ወር። ከዚያ በኋላም እንዲሁ ከሆነ ግን ረድፉን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ አንቺም ወደ መኪናሽ ትመለሻለሽ።»

«መጀመሪያ ላይ ይመለስ ይሆናል ጋሼ። እኔ ከእንግዲህ አልሸፍንም።»

«እሱን አየዋለሁ» አሉና በእጃቸው በሩን አሳዩዋት።

ለኮሌታ ሰፊዋ መናገር ከዚህም ባሰ። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ሴትዮዋ የምታለቅስ መስሏት ነበር። ተቆጣች እንጂ አላለቀሰችም።

«ከኋላዬ ስትፈቺ ኖርሽ? እኔ እኮ ቤቴ ገብቼ ‹አንድም አይመለስብኝም› እያልኩ ለባሌ እመካ ነበር! እንደ ሰው ቆጥረሽኝ ቢሆን ትነግሪኝ ነበር።»

«እንዳላዋርድሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ከበሩ ላይ የቆመው ማዳበሪያ ክብሬ ነው?»

እጀ ወርቅ «ይቅርታ» አለች። ከዚያም «እስቲ ስፊ፣ ልይሽ» አለቻት።

ሴትዮዋ እያኮረፈች ጀመረች። ከአንገቱ ግራ ጫፍ ተነስታ ወደ ቀኝ ትነዳዋለች፤ ጨርቁ እግረ መንገዱን እየተሳበ መጨረሻው ላይ ይተርፋል። ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር። የእጀ ወርቅ እጅ ሳታዘው ተዘርግቶ ጋውኑን ያዘ።

«እትዬ፣ ልቀቂልኝ እስቲ!»

ለቀቀች። ሁለቱን መዳፎቿን ከጭኖቿ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው። በአፍ ብቻ ማስረዳት እንዲህ ይከብዳል ብላ አላሰበችም ነበር። «ከመካከሉ ጀምሪ... የአንገቱን መሃልና የኮሌታውን መሃል አገናኚ... እንደሱ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ተመልሰሽ ደግሞ ወደ ግራ።» የመጀመሪያው ተበላሸ። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው የጥፍር ያህል ነበር የጎደለው።

«እያት፣ እንደ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች!» አሉ እማማ ከጥጋቸው። ረድፉ ሳቀ። ኮሌታ ሰፊዋም ሳትወድ ሳቀች።

የምሳው ደወል ተደወለ። ሁሉም ተነሳ፤ ኮሌታ ሰፊዋ ግን ሦስተኛውን ጋውን ይዛ ቀረች። «እናንተ ቅደሙ፤ ይቺን ራሴ ልፍታት።»

እጀ ወርቅን እጇን አሳከካት። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች፣ ዞረች፣ የተጣመመችውን ጫፍ ከሩቅ አየቻት። ከዚያም ወጣች።

የምሳው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት አግዳሚና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ብቻ። ስትገባ ወሬው ተቋረጠ።

«ምነው፣ ዛሬስ አመመሽ?» አሉ እማማ።

«ራበኝ እኮ።»

«አሃ፤ ጠጋ በሉላት እንግዲህ።»

ጠጋ አሉላት። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት የስፌት መኪና ብቻዋን ተነስታ ትንሽ ሄደችና ቆመች። እጀ ወርቅ ብድግ ልትል ቃጣት። መኪናዋ እንደገና ተነሳች። እሷም ቁጭ አለችና ምሳ ዕቃዋን ከፍታ የቀዘቀዘውን ሩዝ በማንኪያ መብላት ጀመረች።